አጥር የሌለው የሰሚራ ቤት

ከአስመራ ከተመለስኩ ወዲህ የደሴ ሰኞ ገበያ ጎረቤት ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጅሽ የምትኖርበት ቤት እንዴት ያለ ነው?» ለአንዷ የነገርኩት ሦስተኛዋ ጆሮ ሲደርስ ሰሚራ መርከብ ላይ ትኖራለች ተባለ። ስለዚህ እስከ አራተኛ ክፍል በተማርኩት ፊደል ራሴ ልጽፈው ተቀመጥኩ። የሚያነብ ያንብብ፣ የማያነብ ልጁን ያስነብብ። መርከብ ግን አይደለም።

ሰሚራ የበኩር ልጄ ናት። ያገባችው ኮምቦልቻ በውሃ ቧንቧ ሥራ የነበረ ያሲን የሚባል የአስመራ ልጅ ነው። ኤርትራ ነፃ ስትወጣ ያሲን ወደ አባቱ አገር ተመለሰ፣ እሷም ተከተለችው። የኛ ሰው ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ ከአስመራ ሲወርድ የኔ ልጅ ፍራሿን ተሸክማ ወጣች። ከዚያ ደብዳቤ መጣ፤ አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ሊገባ ነው።

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት እንደሚወለድ ለናንተ አልነግራችሁም። እኔ ግን ከልማዱ ሌላ የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ሰሚራን ስወልድ ብቻዬን ነበርኩ፤ የዚያን ቀን «ልጄ ብቻዋን አትወልድም» ብዬ ምያለሁ። ስለዚህ የሄድኩት ልጠይቃት አልነበረም፣ ይዣት ልመለስ ነው። ቤቱንም ሳላየው ጠልቼው ነበር። ሄጄ ጉድለቱን አንድ በአንድ እቆጥርና ለያሲን አቀርብለታለሁ፣ እሱም ያፍርና ይለቃታል ብዬ ነበር ያሰብኩት። የተሰጠኝ የይለፍ ወረቀት የአንድ ሳምንት ነበር፤ ጉድለት ለመቁጠር ይበቃል።

ማክሰኞ። ከደሴ ሳይነጋ ተነሳን። ሾፌሩ እንዳያንቀላፋ ለመጠበቅ ከኋላው ያለውን ወንበር ያዝኩ። በየሰዓቱ «ልጄ፣ ደከመህ?» እለዋለሁ። ወልድያ ስንደርስ «እናቴ፣ እኔን ያደከመኝ መንገዱ አይደለም» አለኝ።

እጄ ላይ ዚክር የምልባት ሙስበሃ ነበረች። አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ሰሚራ በዚህ መንገድ ስትመለስ ምን ያህል እንደምትንገላታ ለማወቅ አውቶብሱ በዘለለ ቁጥር አንድ ፍሬ ላሳልፍ አልኩ። ፍሬዋ ዘጠና ዘጠኝ ነው። ቆቦ ሳንደርስ ሁለት ዙር ዞረች። ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣው ጠመዝማዛ ላይ ግማሹን ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር አልቆጠርኩትም። እዚያው ጎማ ፈነዳ። ወርደን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አጠገቤ የነበሩ የማይጨው ሴትዮ ከቋጠሯቸው ቆሎ እያካፈሉኝ «ይቺ ምን አላት፣ ክረምት ላይ ብታዪያት!» አሉኝ። ሰሚራን የምመልሰው ክረምት ሳይገባ እንደሆነ ለራሴ ነገርኩት።

መቀሌ ያደርኩበት ቤት ባለቤት ብቻዬን መሆኔን አይታ ከራሷ ክፍል ጎን ያለውን ሰጠችኝ። የበሩ መሸጎጫ ስላላማረኝ አልጋውን ገፍቼ በሩ ላይ አስደገፍኩት። ጠዋት ግን አልጋው የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ አልነቃነቅ አለ። ሌባ እንዳይገባ ያልኩት እኔም እንዳልወጣ ሆነ። ባለቤቲቱና ሁለት ተሳፋሪዎች በመስኮት ጎትተው አወጡኝ። ያን ሁሉ ለፍታ ለመንገድ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችኝና «ሲመለሱም እኔ ዘንድ ይረፉ፤ አልጋውን በሚስማር አስመታዋለሁ» አለችኝ።

ረቡዕ። ድንበሩ ላይ፣ ዛላምበሳ፣ ሻንጣ ይፈተሻል። ፈታሹ ፀጉሩን ያጎፈረ የላስቲክ ጫማ የተጫማ ወጣት ነው። ከዕቃዬ መሀል የቅቤውን ቅል፣ የገንፎ ዱቄቱንና አብሹን አወጣ።

«ኣደ፣» አለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው፣ «የወለደች ሴት አለች?»

«የለችም። ልጄን ደሴ ወስጄ ላስወልዳት ነው የምሄደው።»

ቅቤውን አሸተተ፤ እኔንም አየኝ። «ልጂቱ ወደ ደሴ የምትመጣ ከሆነ ቅቤው ወደ አስመራ ለምን ይሄዳል?»

አንድ ፈታሽ ይህን ያህል ማሰብ አለበት? «ለመንገድ ነው» አልኩት። «እሺ፣ ኣደ። ለመንገድ ይሁን» ብሎ መልሶ አሰረልኝ፤ ከኔም አስተሳሰር የተሻለ አሰረው።

አስመራ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባን። ያሲን በታክሲ አድርጎ ከእዳጋ ሓሙስ ሰፈር ዝቅ ወዳለ ጠባብ መንገድ ወሰደኝ። በየመንገዱ ሰው በሥርዓት፣ ቀስ ብሎ ይራመዳል። አለባበሱን ስታዩት ቀጠሮ ያለው ይመስላል፤ በኋላ እንደገባኝ ቀጠሮው መራመዱ ራሱ ነው። ታክሲው ቆመ። ዙሪያዬን አየሁና «ቤቱ የቱ ጋ ነው?» አልኩ። «ይኸው እናቴ፣ ፊትዎ ላይ» አለኝ። ፊቴ ላይ ያለው አንድ ረጅም ቢጫ ሕንፃ ነው፤ አራት አረንጓዴ በር አለው። ትምህርት ቤት ነበር የመሰለኝ። ለካ አራት ቤት ነው፤ ትከሻ ለትከሻ የተጣበቀ። የሰሚራ ሁለተኛው በር ነው።

ልጄን ሳያት የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ ግን ወዛም ነው። ይህም ለጉዳዬ አልተመቸኝም።

ሐሙስ። ምርመራዬን በጠዋት ጀመርኩ። በኛ አገር ቤት ማለት መጀመሪያ አጥር ነው፤ ቤቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል። የኔ አጥር ከጣራዬ ሊስተካከል ጥቂት ነው የሚቀረው፣ ጎረቤቴ እትዬ ዘሐራ ምን ወጥ እንደሠራች የማውቀው ሲሸተኝ ብቻ ነው። እዚህ ግን በሩ የሚከፈተው መንገድ ላይ ነው። ደፉ ዕብነ በረድ ነው፤ ከመረገጥ ብዛት መሐሉ እንደ ሰሐን ጎድጉዷል። ጭራሽ ቁልፉን ቀኑን ሙሉ ከውጭ በሩ ላይ ሰክተው ይተዉታል። «ለማን ነው?» ብላት ሰሚራ «ለሚመጣ ሰው» አለችኝ።

ስትገቡ በቀኝ በኩል ደረጃ አለ፤ አሥራ ሰባት ነው፣ ሦስት ጊዜ ወጥቼ ወርጄ ቆጥሬዋለሁ። መደገፊያው ብረት ሆኖ ጫፉ እንደ በግ ቀንድ ይጠቀለላል። ከላይ ጣራው ላይ መስታወት ስላለ ብርሃን እንደ ውሃ ደረጃውን ይዞ ይወርዳል። ከደረጃው ወዲያ ሳሎኑ፣ ከሳሎኑ ጀርባ ወጥ ቤቱ፣ ከዚያ አንድ ምንጣፍ የምታህል ጓሮ የሲሚንቶ ልብስ ማጠቢያ ይዛ ተቀምጣለች። መንገዱን የሚያየው መስኮት ክብ ነው። መርከብ የተባለው ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም።

ሳሎኑ ውስጥ አበባ ያለው የሚያምር ምንጣፍ ተነጥፏል። ጫማዬን አውልቄ፣ ሥሩን ልጥረግ ብዬ ጠርዙን ፈለግኩ። ከግድግዳ ግድግዳ እየዳሰስኩ ስሄድ ሰሚራ ከወንበሯ ሆና «እማ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለችኝ። ምንጣፉ ለካ ሸክላ ነው፤ ጣልያን ወለሉን ራሱን ምንጣፍ አድርጎ ሠርቶታል። «አይነሳም በይኛ!» አልኩና እሱንም ከጉድለቱ ደመርኩት፤ የማይራገፍ ምንጣፍ።

ያሲን ለምሳ ሲመጣ ቤቱን ሊያስጎበኘኝ ተነሳና ትንሽ ኮራ አለ። «እናቴ፣ ይህን ጣልያን ለባቡር ጣቢያ ጸሐፊዎች የሠራው ነው። ግንቡ ይህን ያህል ውፍረት አለው» ብሎ ክንዱን እስከ ክርኑ አሳየኝ።

«ጎበዝ። እዚህ ጋ ግን ተቦርቡሯል» አልኩት። ከሦስተኛው ደረጃ አጠገብ፣ በእጅ ልክ፣ ልስኑ እንደ እንቁላል ማስቀመጫ ጎድጉዷል። ሌላው ግድግዳ ሙሉ ተቀብቶ እሷ ብቻ ቀርታለች።

«እሷ አትለሰንም» አለኝ።

«ለምን?»

«እንደዚያ ነው ያገኘናት።»

«መቼም የመንግሥት ቤት ነው። ከግድግዳው ወዲያስ ማን አለ?»

«አደይ ምሕረት። የሳቸው ደረጃና የኛ ደረጃ ጀርባ ለጀርባ ናቸው። ቤቶቹ ፊት ለፊት እንደተያየ መስታወት ናቸው፤ የኛ በቀኝ ከሆነ የሳቸው በግራ ነው። አንድ ቧንቧ ለሁለት ቤት እንዲበቃ ነው።»

«ታዲያ ግድግዳው የማን ነው?»

«የሁላችንም።»

«የሁላችን የተባለ ነገር በቀበሌ ጊዜ አይቻለሁ» አልኩት፤ ምሳውን በላ።

ሊወጣ ሲል ሰሚራ በሱ ፊት እንዲህ አለችኝ። «እማ፣ ነዪ ካልሺኝ እመጣለሁ። ግን እስከ ሰኞ እዚህ ቤት ኑሪበት። ሰኞ ደግሞ የመጣሽበትን መንገድ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ትነግሪኝና አንቺው ትወስኛለሽ።» ያሲን ወለሉን አየ። እኔ ደስ አለኝ። ፍርዱ እጄ ገባ።

ከሰዓት ጥንቃቄዬን ቀጠልኩ። አራቱም በር አንድ ዓይነት ስለሆነ እንዳልሳሳት ከዕቃዬ ማሰሪያ ቀይ ጨርቅ ቀድጄ የሰሚራ በር እጀታ ላይ አሰርኩ። ወጪ ወራጁ ሁሉ አየው። ምን እያሰርኩ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። እነሱ ሰውን አፍጥጦ መጠየቅ ነውር ይመስላቸዋል፤ ደሴ ብሆን ቋጠሮውን ሳልጨርስ ሰባት ሰው ጠይቆኝ ነበር።

ዓርብ። ጠዋት ባኒ የሚሉትን ድቡልቡል ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ሰሚራ ተኝታ ነበር። ስሄድ በላይ በኩል ሄጄ ስመለስ በታች በኩል መጣሁ። ቀና ስል አራቱም በር ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። አንደኛው ላይማ ቀይ ክራቫት ተንጠልጥሏል!

ቆሜ ቢስሚላህ አልኩ። መቼም ከዳር ሁለተኛው ነው፤ ይህን አልረሳም። ሁለተኛውን ቆጥሬ፣ ቁልፉን አዙሬ ገባሁ። ከየትኛው ዳር እንደምቆጥር ግን አላሰብኩም።

በሩን ስዘጋ ደረጃው በግራ ነው። ትናንት በቀኝ ነበር። ደሜ ከፍ አለ፣ በቃ ታመምኩ ብዬ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ፎቅ ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ።

«ሰሚራ!» አልኩ ወደ ላይ። «ይኸው ይህ ቤት አዞረኝ። አጥር የለው፣ ግቢ የለው፣ አሁን ደግሞ ደረጃው ቦታ ለወጠ። ሰኞ ትኬት እቆርጣለሁ። ያቺ ጎረቤትሽም አላማረችኝም፤ ስታስል እዚህ ይሰማኛል፤ እኛ ስናወራ እሷም ቁጭ ብላ ታዳምጣለች ማለት ነው። ሥራ የላትም?»

ከላይ ሳል ተሰማ። ያው ሳል ነው። ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ ሽሩባቸው የሸበተ ቀጭን ሴትዮ መደገፊያውን ይዘው ብቅ አሉ።

«ሥራስ አለኝ፣ ሓብተይ፣ እህቴ። ግን ቀጥዪ፣ ጥሩ እየሄድሽ ነው» አሉኝ። ሐውና ዐው ከጉሮሯቸው ነው የሚወጣው።

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ተነስቼ ይቅርታ ስል «ኣይፋልክን፣ ምንም አይደለም፣ ተቀመጪ» ብለው አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ሳሌ እውነት ነው፣ ያስጠላል። አርባ ዓመት ጎረቤት ነኝ፣ በፊቴ የተናገረኝ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

«አደይ፣ ጨርቁ ነው ያሳሳተኝ። እኔ ለምልክት አንድ በር ላይ ነው ያሰርኩት፣ አሁን ሁሉም…»

«ለምልክት?» አሉ። ከዚያ ሳቁ እስኪያስላቸው ድረስ። «እኛ ደግሞ የወሎ ዱዓ መስሎን! እናቷ ነፍሰ ጡሯን ልትጠብቅ አስራለች፣ ለብቻዋ ለምን ታስር ብለን ሁላችንም አሰርን። ዳር በር ላይ ያለው ኣቦይ ተኽለ ቀይ ጨርቅ አጣ። ክራቫቱን አወጣ፣ የሠርጉን።»

ለማያውቁት ዱዓ የሠርግ ክራቫት የሚያወጣ ሰፈር አይቼ አላውቅም። ሻሂ አምጥተው በዚያው ደረጃ ላይ ጠጣን። ግድግዳቸው ላይ፣ ከሦስተኛው ደረጃ አጠገብ፣ ያቺው ጉድጓድ አለች።

«የእርስዎም ተቦርቡሯል» አልኩ።

«በዘነዘና ነው። ሦስት ጊዜ ከተመታ ና ማለት ነው። የጣልያኖቹ ሚስቶች ናቸው የጀመሩት ይላሉ፤ እኛ ቤቱን ስንወርስ እሱንም ወረስን። ሰሚራ መጀመሪያ ስታስታውክ፣ ያሲን ሥራ ላይ እያለ፣ ሁለት ቀን እንዲሁ መትታ ጠርታኛለች። እኔ ፎቅ ላይ ባለው ሰገነት ነው የምሻገር፣ ላይ ላይ አጥር የለም። እወ፣ እንግዲህ አዳምጣለሁ። ሥራዬ እሱ ነው።»

ያኔ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። ሰሚራ የተወለደችው ባሌ ባቲ ገበያ በሄደበት ቀን ነው። ዝናብ ነበር፣ ቆርቆሮው ይጮሃል። እኔም ጮህኩ። አጥሬ አዲስ ነበር፣ ጥሩ አጥር። ከአጥሩ ወዲያ ሠላሳ እርምጃ ላይ እትዬ ዘሐራ ጎመን እየከተፈች ነበር፤ በኋላ ራሷ ነገረችኝ። አልሰማችም። እትብቱን የቆረጥኩት ራሴ ነኝ።

አደይ ምሕረት ጉልበቴን ያዙ። «ወደዚያው አጥር ነው እንግዲህ የምትወስጂያት?» አሉኝ። በክፋት አልነበረም። ባኒ ቆርሼ ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ። የሰማሁትን ሁሉ የማምን ሰው አይደለሁም። ሰሚራና ያሲን ረፋዱ ላይ ወደ ገበያ ሲወጡ እኔ ዘነዘናውን ይዤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆምኩ። ለመሞከር ያህል ነው። ሦስት ጊዜ መታሁ፣ ቀስ አድርጌ፤ ለጠባይ ያህል።

እስከ አሥር እቆጥራለሁ ብዬ ነበር። ሰባት ላይ አደይ ምሕረት በሰገነቱ በር፣ በአንድ እግራቸው ጫማ፣ ወረዱ። ዘጠኝ ላይ የፊቱ በር ተበርግዶ ኣቦይ ተኽለ ገቡ፤ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ ሳሙና ነው። ከኋላቸው የአንደኛው በር ሴትዮ፣ እጇ እስከ ክንዷ ሊጥ። አደይ ምሕረት ምቱን ወደ ዳር አስተላልፈውት ነው ለካ የመጡት።

«አበይ ኣላ? የት አለች?» ይላሉ ሁሉም ባንዴ።

ዘነዘናውን ከኋላዬ ደበቅኩ። «ገበያ ናት። እኔ… ሻሂ ጠጡ ልላችሁ ነው» አልኩ።

ሳሙናው ከኣቦይ ተኽለ አገጭ ጠብ አለና አበባው ምንጣፍ ላይ አረፈ። «ለሻሂ» አሉ በዝግታ፣ «ለሻሂ በበር ነው የሚጠራ።»

አደይ ምሕረት ግን ገብቷቸዋል። «ተዋት። ሒሳብ እያረጋገጠች ነው፣ እናት ናት» አሉ። «ግን ስሚ፣ የመታ ሰው ሌላው ሲመታ ይመጣል። ዛሬ አንቺም ገብተሻል።» ሻሂውን አፈላሁ፤ ኣቦይ ተኽለ በግማሽ ፊታቸው ተቀምጠው ሁለት ብርጭቆ ጠጡ።

እሑድ። ኮምቢሽታቶ በሚሉት ሰፊ ጎዳና ወስደውኝ እኔም ቀጠሮ እንዳለው ሰው ተራመድኩ። ብዙ የሚታይ ነበረው። አላየሁትም። ኪሴ ውስጥ ሙስበሃዬን እያሻሸሁ የሰኞውን መልስ ነበር የማስበው።

ሰኞ። ሻንጣዬን አስሬ ስጨርስ ሰሚራ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «እሺ እማ። መንገዱ እንዴት ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። ለዚያ ነበር የሄድኩት። ሙስበሃዋን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩ። «ይቺ አሥራ አንድ ጊዜ ዞራለች። ዓይኔን የጨፈንኩበት ሳይቆጠር። ጎማ ፈንድቶብናል። ከአላማጣ በላይ ደግሞ… አንቺ እዚህ ነሽ የምትወልጂው።» ቀጥዬ የባቲን ገበያ ቀን ነገርኳት። አቀፈችኝ፤ ልጁ በመሀላችን ረገጠኝ። ቅቤውን፣ ዱቄቱንና አብሹን ወጥ ቤት አስቀመጥኩ። ዘነዘናውንም ከወጥ ቤት አንስቼ ሦስተኛው ደረጃ ሥር አቆምኩት፣ በቀኝ እጇ በኩል። ያሲንን «ያችን ጉድጓድ እንዳትለስናት» አልኩት።

ዛላምበሳ ያው ፈታሽ ነበር። ሻንጣዬን ከፍቶ አየ። «ልጅሽስ፣ ኣደ? ቅቤውስ?»

«ሁለቱም እዚያው ቀሩ» አልኩት። «እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

በወሩ ከቴሌ የጥሪ ወረቀት መጣልኝ። ሰሚራ ናት። ሴት ልጅ፣ ሁለቱም ደህና። «ሐኪም ቤት ለመድረስ ጊዜ ነበረን እማ። ያሲን ሥራ ላይ ነበር፤ ሦስት ጊዜ መታሁ።»

«ማን ቀደመ?»

«ኣቦይ ተኽለ። ታክሲ ያቆሙት እሳቸው ናቸው።»

«ሙሉ ፊታቸውን ተላጭተው?»

«ኧረ በግማሹ!» አለች፤ መስመሩ ተቆረጠ።

እኔ ደግሞ ባሌን አስቸግሬ ከእትዬ ዘሐራ ጋር የሚያዋስነንን አጥር በሰው ልክ አስቆረጥኩትና ትንሽ በር አስገጠምኩበት። እትዬ ዘሐራ «ምን ፈልጋ ነው?» ብላ ሰፈሩን ሁሉ ጠየቀች፣ ከኔ በቀር። በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ሳስር ደግሞ ድግምት ነው ብላ ሦስት ቀን ዓይኗን ነፈገችኝ።

በአራተኛው ቀን ጨው አልቆባት መጣች። በትልቁ በር ዞራ አይደለም።